ስክሪኑ ከመብራቱ በፊት ያለው ሥራ

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የርቀት ትምህርት ማዕከል በአስተባባሪነት ለዓመታት ሠርቻለሁ። ሥራዬ የእኛን ባለሙያዎች በቪዲዮ ከሌላ አገር ባለሙያዎች ጋር ማገናኘት ነበር። አንድ ቀን ስለ ንፁህ ውሃ፣ ሌላ ቀን ስለ መንግሥት ግዥ፣ ሌላ ቀን ስለ ከተማ ቆሻሻ አወጋገድ ይወራል። አንዳንዴ አራት አገር በአንድ ስክሪን ላይ ይገባል።

አሁን በየዩኒቨርሲቲውና በየክልል ቢሮው እንዲህ ያለ ክፍል የሚያደራጁ ልጆች ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው ብዙውን ጊዜ ስለ ዕቃ ነው። የትኛው ካሜራ ይሻላል? ስክሪኑ ስንት ኢንች ይሁን? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እመልስላቸዋለሁ። ግን ካሜራው የሥራው ትንሹ ክፍል ነው ስላቸው ብዙዎቹ አያምኑኝም። በስልክ የማልጨርሰውን እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ ባጭሩ ልንገራችሁ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1997 የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲን ጀመረ። ውጭ አገር ያሉ ፕሮፌሰሮች የሚሰጡትን ትምህርት በሳተላይት ለአፍሪካ ተማሪዎች ያደርስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2002 ዋና መሥሪያ ቤቱ ከዋሽንግተን ወደ ናይሮቢ ተዛወረ። በመሀል፣ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ባንኩ ዓለም አቀፍ የልማት ትምህርት መረብን ዘረጋ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። በየአገሩ አንድ ጥሩ ክፍል ይኑር፣ ክፍሎቹ በቪዲዮ ይገናኙ፣ አንዱ አገር የሞከረውን ሌላው ይስማ። መረቡ አድጎ ከ100 በላይ ማዕከላትን አቀፈ። እኛ ጋ ማዕከሉ የተከፈተው በሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ፣ በዛሬው ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ቶኪዮ ያለውን ደግሞ የጃፓን መንግሥትና ባንኩ በጋራ እ.ኤ.አ. በ2004 አቋቋሙት። እሱ ዛሬም ይሠራል፤ ትኩረቱ በከተማ ልማት ላይ ነው።

ህንድም በራሷ መንገድ መጣች። ፕሬዚዳንት አብዱል ካላም እ.ኤ.አ. በ2004 የመላው አፍሪካ የኢ-ኔትወርክን ሐሳብ አቀረቡ። የሙከራ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው እዚሁ ኢትዮጵያ ነው። አዲስ አበባና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ህንድ ካለው የኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር ተያያዙ። ጥቁር አንበሳና ነቀምት ሆስፒታሎች ደግሞ ሃይደራባድ ካለ ሆስፒታል ጋር ተገናኙ። የነቀምት ሐኪም የበሽተኛውን ምስል ልኮ ከሌላ ሐኪም ጋር መማከር ቻለ ማለት ነው። እኔ ከዚህ ሁሉ ውስጥ በጣም የምወደው ይህን ነው፤ ሁለቱም ወገን አንድ በሽተኛ ፊታቸው አለ፣ ወሬያቸው ከዚያ አይወጣም።

የእኔ ዕድሜ ተከታዮች ደግሞ ሌላም የርቀት ትምህርት ያውቃሉ። ፕላዝማን። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር "አሁን ጥያቄውን ሥሩ" ይልና ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል። ተማሪው ጀምሮ ሳይጨርስ መምህሩ ይቀጥላል። እጅ ብታወጣ አያይህም። መብራት ከሄደ የዚያን ቀን ትምህርት አለፈህ። ብዙ ጥረት የተደረገበት ሥራ ነበር፣ ላጣጥለው አይደለም። መምህር ላልነበራቸው ትምህርት ቤቶች ጠቅሟል። ግን አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ድምፅና ምስል ከሩቅ መምጣቱ ብቻውን መማማር አይሆንም። የልማት ዕውቀት ልውውጥ ደግሞ ከመማሪያ ክፍልም ይብሳል። ክፍሉ ውስጥ የሚቀመጠው ሰው የ15 ዓመት የሥራ ልምድ ያለው ባለሙያ ነው። እሱ የሚናገረው ካልተሰማ ግማሹ ዕውቀት ቀረ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትልቅ ጥያቄ ማን ይመጣል የሚለው ነው።

እኛ አገር ሰው የሚጠራው በደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ላይ "የሚመለከተውን ባለሙያ እንድትልኩልን በትህትና እንጠይቃለን" ብለን ከጻፍን የሚመጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም። በዚያ ሳምንት ሥራ የቀለለው ሰው ሊመጣ ይችላል። አበል ያልደረሰው ተረኛም ሊመጣ ይችላል። ይህን የምለው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ደሞዙ ትንሽ ነው፣ ቢሮው ለሠራተኛው ማሰቡ ነው። ግን ስለ መስኖ ቦይ ጥገና ሊወራ ሲል የመጣው የሰው ሀብት ባለሙያ ከሆነ ለእሱም ለሌላውም ኪሳራ ነው።

ለውጥ ያመጣው ደብዳቤውን መለወጥ ነው። የሥራ መደብ መጥራት ትተን ሥራውን ራሱን ጻፍን። "ባለፈው ዓመት የውሃ ኮሚቴዎችን በአካል ሄዶ ያሠለጠነ ሰው" እንላለን። "ግዥውን በራሱ ፈርሞ ያስፈጸመ" እንላለን። ከአንድ መሥሪያ ቤት ደግሞ ሁለት ሰው እንጠይቃለን፣ አንድ ኃላፊ፣ አንድ ባለሙያ። ምክንያት አለው። ባለሙያ ብቻውን ተምሮ ከተመለሰ አለቃው ሐሳቡን ላይቀበለው ይችላል። አለቃ ብቻውን ከመጣ ሥራውን የሚሠራው ሰው አልሰማም። ሁለቱ አብረው ከሰሙት መኪና ውስጥ ሲመለሱ ያወሩታል።

ከክልል የሚመጣ ሰው ካለ የትራንስፖርቱና የአበሉ ጉዳይ ከሳምንት በፊት ማለቅ አለበት። ማን ይከፍላል? መቼ ይከፈላል? ጥሬ ገንዘብ ነው ወይስ በባንክ? ይህ ተንጠልጥሎ ያለ ሰው ልቡ ስብሰባው ላይ አይደለም። ሌሊት አውቶቡስ ሲጠብቅ ያደረም በ3 ሰዓት ገብቶ አይወያይም።

ስለ ሰዓት ደግሞ ብዙ ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ስብሰባ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለውን ውጭ ያለው ሰው 9 ሰዓት ይለዋል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ግን በኢሜይል ላይ ሲሆን ይጠፋል። "ቱስደይ አት 3" የሚል መልእክት ሲመጣ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ዳሬሰላም ያሉ ባልደረቦቻችን በስዋሂሊ ሲናገሩ ሰዓት እንደ እኛ ነው የሚቆጥሩት፣ ሲጽፉ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ግብዣ ስትልኩ ሰዓቱን ሁለት ጊዜ ጻፉ፤ "ከቀኑ 10 ሰዓት በኢትዮጵያ፣ በውጭ አቆጣጠር 16፡00" ብላችሁ።

የአሜሪካ ሰዓት ደግሞ በዓመት ሁለት ጊዜ ይንሸራተታል። በበጋቸው ከእኛ በ7 ሰዓት ወደኋላ ናቸው፣ በክረምታቸው በ8። እኛ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን በውጭ አቆጣጠር አንዴ ጠዋት 9፣ አንዴ ጠዋት 8 ነው። አውሮፓም ይቀይራል፣ ግን ከአሜሪካ ጋር በአንድ ቀን አይደለም። በመጋቢት ለሁለት ሳምንት ገደማ ሦስት አገር ያለበት ስብሰባ በጣም ይምታታል። አክራ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደኋላ ነች፣ ቶኪዮ በ6 ሰዓት ወደፊት። ህንድ 2 ሰዓት ተኩል ትቀድመናለች፤ ያቺ ግማሽ ሰዓት ብዙ ሰው ታሳስታለች። ከቶኪዮ ጋር ጠዋት ነው የሚሻለው፣ ከአክራ ጋር ከምሳ በኋላ፣ ከዋሽንግተን ጋር ደግሞ ወደ ማምሻው። ሦስቱን በአንድ ቀን አንድ ላይ ለማምጣት የሚጠይቅ ሰው ካለ አንዱን ተዉት በሉት። ቶኪዮ እኩለ ሌሊት ላይ ያለ ሰው ምንም አይማርም።

የቀን መቁጠሪያችንንም ለውጭዎቹ ቀድማችሁ ላኩላቸው። ገናን በእነሱ ጥር 7፣ ጥምቀትን ጥር 19፣ መስቀልን መስከረም 27 አካባቢ እንደምናከብር አያውቁም። ጾምን፣ ረመዳንን፣ አረፋን አያውቁም። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ የሻይ ሰዓቱ የጾም ይሁን። ዓርብ ከ5 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ምንም አትያዙ፣ የጁምዓ ሰዓት ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን ሰው እንደታሰበለት ሲያውቅ አፉን ለመክፈት ይቀለዋል።

ወደ ዕቃው ልምጣ፣ የሚጠይቁኝ እሱን ስለሆነ። በሳተላይት ስንሠራ አንድ ነገር ለሁሉም ተሳታፊ አስቀድመን እናስረዳ ነበር። ሳተላይቱ ያለው ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ድምፃችን እዚያ ደርሶ ወርዶ ሌላው አገር እስኪገባ ሩብ ሰከንድ ይፈጃል፤ መልሱም እንደዚያው። ማሽኑ ምስሉን የሚያጭቅበት ጊዜ ሲጨመር ጠይቆ መልስ እስኪሰማ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ያልፋል። ይህን ያልተነገረው ሰው የዚያኛው ዝም ማለት ያሳስበዋል፤ ያልሰሙት ይመስለውና ይደግማል። ያን ጊዜ ሁለቱም እኩል ይናገራሉ፣ ሁለቱም እኩል ያቆማሉ። "ይቀጥሉ" "አይ እርስዎ ይቀጥሉ" ሲባል ሦስት ደቂቃ ይሄዳል። መፍትሔው ተናግሮ ሲጨርስ "ጨርሻለሁ" ማለት ነው። ወታደር በሬዲዮ እንደሚያደርገው። ዛሬ ብዙው ግንኙነት በፋይበር ስለሆነ መዘግየቱ ቀንሷል፣ ልማዱ ግን ይጠቅማል፣ በተለይ አስተርጓሚ ካለ።

ከካሜራ ይልቅ ለማይክራፎን ገንዘብ አውጡ። ምስል ቢቆራረጥ ሰው ይታገሳል። ድምፅ ከተቆራረጠ ግን ስብሰባው አበቃ። ክፍሉ ጣሪያው ከፍ ያለና ግድግዳው ባዶ ከሆነ ያስተጋባል፤ ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ ከውድ መሣሪያ የበለጠ ይጠቅማል። ሰው በማይናገርበት ጊዜ ማይኩ ይጥፋ። በአንድ ስብሰባ ላይ የእኛ ተሳታፊዎች በአማርኛ ስለ እንግዳው ማብራሪያ ሲነጋገሩ ሌላው አገር ሁሉ ይሰማ ነበር። ደግነቱ ክፉ ነገር አልተወራም።

መብራት። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ዕቃውን የሚይዘው ባትሪ፣ የሚሸከመው ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ ጄኔሬተሩ ነዳጅ እንዳለው ጠዋት የሚያይ አንድ ሰው በስም ይመደብ። "ጥበቃው ያየዋል" አይበቃም። በክረምት ደግሞ ኃይለኛ ዝናብ ሲመጣ የሳተላይት መስመር ይዳከማል። ለዚህ ሁሉ አንድ ዝግጅት አለን፤ መስመሩ ቢቋረጥ ክፍሉ ውስጥ የሚወራ ጥያቄ ሁልጊዜ ተጽፎ ይቀመጣል። መብራት ሄዶ አርባ ደቂቃ የቆየበት ቀን አለ። ተሳታፊዎቹ በዚያ አርባ ደቂቃ ከራሳቸው ወረዳ ወረዳ ልምድ ተለዋወጡ። ሲገናኝ የጠየቁት ጥያቄ ከጠዋቱ እጅግ የጠለቀ ነበር።

ይህ ነገር የሥራችንን መልክ ቀየረው። ከዚያ ወዲህ ግንኙነቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰዓት ለራሳችን እንይዛለን። በአማርኛ፣ ኦሮምኛ ተናጋሪ ከበዛም በኦሮምኛ። "እኛ በዚህ ጉዳይ ምን ሞክረናል? ምን ከለከለን? ከእነሱ ምን ማወቅ እንፈልጋለን?" እንባባላለን። ጥያቄዎቹ በወረቀት ይጻፋሉ፣ የሚመሳሰሉት ይጣመራሉ፣ ማን እንደሚጠይቅ ይወሰናል። ሰው በእንግሊዝኛ በድንገት ተነስቶ መናገር ይከብደዋል። ዕውቀት አጥቶ አይደለም፤ ሥራውን በሌላ ቋንቋ ስለሚሠራው ነው። ጥያቄው ተጽፎ እጁ ላይ ካለ ግን ያነባል፣ መልሱን ያዳምጣል፣ ሁለተኛውን ጥያቄ ደግሞ ከራሱ ይጨምራል።

አስተርጓሚ ካላችሁ ጽሑፉንና ስላይዱን ከአንድ ቀን በፊት ስጡት። አጠር አጠር እያደረጉ እንዲናገሩ ለሁለቱም ወገን ንገሩ። በአማርኛ መጠየቅ የሚፈልግ በአማርኛ ይጠይቅ፤ ይህን ከመድረኩ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። አስተባባሪው ራሱ የመጀመሪያውን ጥያቄ በአማርኛ ቢጠይቅ ደግሞ ክፍሉ ወዲያው ይለወጣል። ኋላ የተቀመጡት ወደፊት ዘንበል ሲሉ ታያላችሁ።

የመክፈቻ ንግግርም አለ። ፕሮቶኮል ይከበራል፣ ልጥሰው አልልም። ግን የመስመሩ ሰዓት ውድ ነው። ክቡር እንግዳው ግንኙነቱ ከመጀመሩ በፊት ክፍሉ ውስጥ ላሉት ይናገሩ፤ በመስመር ላይ ሁለት ደቂቃ ሰላምታ ያቅርቡ። አብዛኞቹ ኃላፊዎች ምክንያቱ በትህትና ሲነገራቸው ደስ እያላቸው ይቀበላሉ። የመቀመጫውን ነገርም አስቡበት። ኃላፊው ፊት፣ ባለሙያው ከኋላ ከተቀመጠ ባለሙያው አይናገርም። ክብ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

አሁን እስካሁን ያልኩትን ሁሉ በአንድ ቦታ ያየሁበትን ስብሰባ ልንገራችሁ።

ከጋና ጋር ነበር። ጋና በየማኅበረሰቡ ነርስ የምትኖርበት አነስተኛ የጤና ጣቢያ የመሥራት ፕሮግራም አላት። እኛ ደግሞ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አለን። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ ከዚያው አካባቢ የተመለመሉ፣ መጀመሪያ ላይ 10ኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። ስለዚህ በዚያ ቀን አስተማሪዎቹ እኛ ነበርን። ይህ ራሱ ለብዙ ተሳታፊ አዲስ ነገር ነበር። ሰዉ የለመደው ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ የውጭውን መስማት ነው።

ከቢሮ የመጡት ኃላፊ ጥሩ ስላይድ አቀረቡ። የፕሮግራሙ ዓላማ፣ የጤና ፓኬጆቹ፣ መዋቅሩ ከፌዴራል እስከ ቀበሌ። ጋናዎቹ በአክብሮት አዳመጡ፣ አመሰገኑ። ከዚያ አንዲት ጋናዊት እንዲህ ብላ ጠየቀች። "ክትትል ላይ ያለች እናት በቀጠሮዋ ካልመጣች የጤና ሠራተኛዋ በምን ታውቃለች?"

ክፍሉ ጸጥ አለ። ስላይዱ ላይ የለም።

ከሰሜን ሸዋ የመጣች አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። በግብዣው ላይ ሁሉንም ተሳታፊ "በየቀኑ የምትሠሩበትን አንድ ዕቃ ይዛችሁ ኑ" ብለን ነበር። እሷ ያመጣችው የካርድ ሳጥን ነው፣ በጨርቅ ጠቅልላ። "እህቴ፣ እስኪ ወደ ካሜራው አቅርቢልን" አልኳት። ፈራች። "እኔ እንግሊዝኛ አልችልም" አለች። "በአማርኛ ንገሪያቸው፣ አስተርጓሚ አለልሽ" አልናት።

ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ አደረገችው። በውስጡ ለየወሩ የተከፈለ ቦታ አለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ በምትሠራበት ጤና ኬላ ውስጥ የራሱ ማህደር አለው፤ በማህደሩ ውስጥ የእናቲቱና የልጁ ካርድ አለ። እናቲቱ ዛሬ ታይታ የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ኅዳር ከሆነ ካርዷ ከማህደሩ ወጥቶ ኅዳር በሚለው ቦታ ይገባል። ስትመጣ ካርዱ ተሞልቶ ወደሚቀጥለው ቀጠሮ ወር ያልፋል። ወሩ ሲያልቅ እዚያው የቀረ ካርድ ካለ ያች እናት አልመጣችም ማለት ነው። "ያን ጊዜ ካርዱን ይዤ ቤቷ እሄዳለሁ" አለች። ሁለት ካርድ መዝዛ አሳየች፣ ስም ያልተጻፈባቸው ለማሳያ ያዘጋጀቻቸው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው አላቋርጥ አለ። ሳጥኑን ማን ይሠራል? ካርዱ ሲያልቅ ማን ያትማል? ባሏ ሌላ ቀበሌ ያለች እናት የት ትመዘገባለች? ስትወጪ ኬላውን ማን ይጠብቃል? እሷም ፍርሃቱ ለቀቃት። መልሳ ትጠይቃቸው ጀመር። የጋናዋ ነርስ የምትኖረው እዚያው ጣቢያ ውስጥ መሆኑን ስትሰማ "ሌሊት ሲያንኳኩባት ብቻዋን ናት?" አለች። ያ ጥያቄ ስለ መኖሪያ ቤት፣ ስለ ደኅንነት፣ ስለ ትዳር ረጅም ውይይት ከፈተ። የእኛዎቹም ስለ ራሳቸው የቤት ችግር በኃላፊዎቻቸው ፊት በግልጽ ተናገሩ፣ ከዚያ በፊት ተናግረውት የማያውቁትን።

ከዚህ የወሰድኩትን በቀጥታ ልንገራችሁ። ፖሊሲው በድረ ገጽ ይገኛል፣ ሪፖርቱም ይገኛል። ለዚያ ሰው መሰብሰብ አያስፈልግም። ሰው ለሰው መገናኘት የሚያስፈልገው ሳጥኑ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ነው። ስለዚህ አቅራቢ ስትመርጡ "እንዴት" የሚለውን የሚያውቀውን ሰው ፈልጉ። ዕቃ ያስይዙ፣ ፎርም ያስይዙ፣ የተሞላ መዝገብ ፎቶ ያስይዙ፣ የግለሰብ ስም ሸፍነው። ስላይድ ካለ ከአሥር አይብለጥ።

ከሩዋንዳ ጋር ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ስንነጋገርም ይኸው ነበር የሆነው። እኛ በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ሙከራ ስንጀምር እነሱ ቀደም ብለው በስፋት ገብተውበት ነበር። የእኛ ሰዎች ማወቅ የፈለጉት የሕጉን አንቀጽ ሳይሆን መዋጮው በየትኛው ወር እንደሚሰበሰብና ደሃው ማን እንደሆነ ማን እንደሚወስን ነው። እኛ ጋ ገበሬው ገንዘብ እጁ ላይ ያለው ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ነው፤ በሐምሌ አምጣ ብትለው የለውም። ሩዋንዳዎቹ ያኔ ኡቡዴሄ የሚሉት ነበራቸው፤ የየመንደሩ ሰው ተሰብስቦ የቤተሰቦችን የኑሮ ደረጃ የሚለይበት ሥርዓት ነበር። የእኛ ባለሙያዎች ወዲያው ከዕድርና ከቀበሌ ስብሰባ ጋር አያይዘው ተከራከሩበት። እኔ አላቋረጥኳቸውም፣ ሩዋንዳዎቹም ቆመው ሰሙ።

"አሁን ዙም አለ፣ ማዕከሉ ምን ያደርጋል?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። ኮሮና ከመጣ ወዲህ ሁሉም ከቢሮው፣ ከቤቱ መግባት ለመደ። ለአንድ ሰዓት ገለጻ ይበቃል፣ ጥሩም ነው። ርካሽ ነው፣ ራቅ ያለ ወረዳ ያለ ሰውም ይገባል። ግን ቢሮው የተቀመጠ ሰው በመሀል ይጠራል፣ ስልክ ያነሳል፣ ፊርማ ይጠየቃል። ዳታው ያልቃል። ካሜራውን ያጠፋል፣ ከዚያ እሱም የለም። ከሁሉ በላይ ግን ጎኑ የተቀመጠ ሰው የለውም። የውጭው ሰው የተናገረውን "እኛ ጋ ይሠራል?" ብሎ የሚጠይቀው የሥራ ባልደረባ የለውም። ስለዚህ የእኔ ምክር ሁለቱን ማቀላቀል ነው። ውጭ ያለው ሰው በዙም ይግባ፤ የእኛ ሰዎች ግን አንድ ክፍል ውስጥ ይሰብሰቡ። ትልቅ ማዕከል ባይኖራችሁ የወረዳ አዳራሽ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ጥሩ ድምፅ ማጉያና ጥሩ ማይክ ይበቃል። ወረዳ ኔት፣ ወረዳዎችን በቪዲዮ የሚያገናኘው የመንግሥት መረብ፣ የገባባቸው ቦታዎች ክፍሉ አላቸው፣ ብዙ ጊዜ ተቆልፎ ይውላል። ቁልፉ ማን ጋ እንዳለ ጠይቁ።

የሻይ ዕረፍቱን አታሳጥሩት። ሰዓት ሲጣበብ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፣ ግን ሰው ስልክ የሚለዋወጠው ቡና ይዞ ቆሞ ሳለ ነው። ከሌላው አገር ጋር ያለው መስመርም በዕረፍት ጊዜ ክፍት ይሁን፣ ማይኩም ይብራ። አንዳንዱ ሰው በስብሰባው ያልጠየቀውን ኩባያውን ይዞ ካሜራው አጠገብ ሄዶ ይጠይቃል።

መጨረሻ ላይ ሰርተፊኬት ከመስጠታችን በፊት አንድ ባዶ ወረቀት እንሰጣለን። ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፤ "ሰኞ ቢሮ ስትገቡ የምታደርጉት አንድ ነገር ምንድን ነው?" ትልቅ ዕቅድ አይደለም፣ አንድ ነገር። አንዱ "ፎርሙን ከሁለት ገጽ ወደ አንድ አሳጥራለሁ" ብሎ ይጽፋል። ሌላው "የውሃ ኮሚቴውን ሒሳብ ያዥ ሴት እንድትሆን አቀርባለሁ" ይላል። ወረቀቱን ፎቶ አንስተን ለእነሱ እንመልሳለን። ከወር በኋላ እንደውላለን። ያደረገው ምን እንደሆነ ይነግረናል፤ ያላደረገው ደግሞ ምን እንደከለከለው። ይህ የስልክ ጥሪ ለሚቀጥለው ስብሰባ ርዕስ ይሰጣል። ለጋሾች ስንት ሰው ተገኘ ብለው ይጠይቃሉ፣ እሱን በመዝገብ ትሰጣላችሁ። እነዚህን የስልክ ማስታወሻዎች ግን አብራችሁ ላኩላቸው፤ ቁጥሩ የማይነግራቸውን ያነቡበታል።

ስለ ቅጂም አንድ ነገር ልጨምር። ከመቅዳታችሁ በፊት የሁለቱንም አገር ተሳታፊዎች ፈቃድ ጠይቁ፤ ሰው አለቃው ሊያየው እንደሚችል ካወቀ የሚናገረው ይለወጣልና አስቀድሞ ይወቀው። ሙሉውን የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ማንም አያወርደውም። ጥያቄና መልሱን ብቻ ቆርጣችሁ፣ ድምፁን ለይታችሁ፣ በአሥር በአሥር ደቂቃ ከፋፍላችሁ በቴሌግራም ላኩት። ርዕሱን በአማርኛ ጻፉበት፣ የተናጋሪውን የሥራ ድርሻም ጨምሩበት። ወረዳ ያለ ሰው በመንገድ ላይ በስልኩ ሊሰማው የሚችለው ይህን ነው።